ደንበኛዬ ከእኔ ይልቅ የእህቱን ልጅ ይሰማል

«ሰላም ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። በዲጂታል ማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። ለድርጅቶች የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የጉግል ማስታወቂያ እሠራለሁ፤ ድረ ገጻቸውንም አስተካክላለሁ። አሁን ያበሳጨኝ አንድ ደንበኛዬ ነው። የቤት ዕቃ ይሸጣል። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ክፍያም አያጓትትም። ችግሩ የእህቱ ልጅ ነው። ልጁ ማርኬቲንግ ተምሮም ሠርቶም አያውቅም፤ ቲክቶክ ላይ ግን ተከታይ አለው።

እኔ ገበያውን አጥንቼ ዕቅድ አቀርባለሁ። ደንበኛዬ ‹በጣም ጥሩ› ይለኛል። ማታ ከልጁ ጋር ያወራና ጠዋት ሐሳቡን ቀይሮ ይመጣል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ደግሞ ልጁ ራሱ እየገባ ፎቶውን ይቀይራል፤ ‹ለሁሉም ሰው ይታይ› ብሎ የመረጥኳቸውን ሰዎች ያጠፋል። ‹ጉግል ላይ ፈልጌ አጣሁት፣ ማስታወቂያው አይሠራም› ብሎ ለአጎቱ ይነግራል። ድረ ገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላት እንድደረድር፣ ተከታይ እንድንገዛ፣ ከጓደኛው ያገኘውን የኢሜይል ዝርዝር እንድጠቀም ይፈልጋል። ውጤቱ ሲበላሽ ግን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር 14 ገጽ ሪፖርት አዘጋጅቼ ሰጠሁት፤ ያነበበው አይመስለኝም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ? እንዴት ላሳምነው? ወይስ ትቼው ልሂድ?

ምክሬ የማይሰማ»

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። በሙያሽ የቀጠረሽ ሰው ሙያውን ከማያውቅ ልጅ ጋር ሲያመዛዝንሽ ያማል። ግን «እንዴት ላሳምነው» በሚለው ጥያቄሽ አልስማማም። ሰውየው እኮ ዕውቀትሽን አልተጠራጠረም። ቢጠራጠር በየወሩ አይከፍልሽም ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

እስቲ ነገሩን ከእሱ በኩል እንየው። የእህቱ ልጅ ምክር በነጻ ነው። ልጁ አጎቱ ቢያተርፍ ኮሚሽን አይጠይቅም። አንቺ «በጀቱን ከፍ እናድርግ» ስትይ ግን ሰውየው የሚሰማው «ገንዘብ ጨምር» የሚለውን ነው። ሐሳብሽ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተናገረችው ግን ተከፋይዋ ናት። ደግሞ ማታ ገበያው ቀዝቅዞ ሲጨንቀው የሚደውለው ለልጁ ነው። ልጁ ያነሳል፣ በሚገባው ቋንቋ ያወራዋል፣ ወዲያው መፍትሔ ይሰጠዋል። አንቺ 14 ገጽ ትልኪለታለሽ።

ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ይህ ሰው ንግዱን ያቆመው ገዢ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲከራከር እያየ ነው። ስለ ገዢዎቹ ጠባይ በግራፍ ስትነግሪው ትንሽ ቢከነክነው አይገርምም። በዚያ ላይ የእናንተ ሙያ መሣሪያው ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ፌስቡክ ሲያይ የዋለ ሰው ማስታወቂያ የሚገባው ይመስለዋል። («ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙን ያርሙታል ወይ?» የሚለውን ምሳሌ ግን አደራ እንዳታነሺበት። ባለሙያ ሁሉ የሚለው ነው፤ ደንበኛ ከማስኮረፍ በቀር ሲሠራ አላየሁም።)

ደግሞ እንተማመን፤ የሙያችሁ ስም ንጹሕ አይደለም። «በአንድ ወር ጉግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ የጠፋ ስንት አለ። ጉግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ቪዲዮ ደግሞ ድረ ገጽን በፍለጋ ውጤት ከፍ የማድረጉ ሥራ ፍሬው እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚፈጅ ተናግሯል። አሁን አንቺ «4 ወር ይጠብቁ» ስትይ፣ ልጁ «ነገ ይሆናል» ሲል፣ ማን የሚሰማ ይመስልሻል?

እንግዲህ ወደ ልጁ ምክሮች እንምጣ። ሁሉንም ባንድ ጠቅልለሽ «የማያውቅ ሰው ወሬ» አትበያቸው። ዓይነታቸው ይለያያል።

የቁልፍ ቃላቱን ነገር እንውሰድ። ይህ ድሮ እውነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የፍለጋ ሞተሮች አንድ ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ባለቤቱ ኮዱ ውስጥ የጻፈላቸውን ቃላት ያነቡ ነበር። ሰዉ ተጫወተበት። ስለ ጫማ በሚያወራ ገጽ ውስጥ የታዋቂ ዘፋኝ ስም መደርደር ተጀመረ። በመጨረሻ ጉግል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 ያንን ቦታ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ራስ ገጽ የሚያመጣ ሊንክ እየገዙ ከፍ ማለትም እንዲሁ ነበር፤ በኤፕሪል 2012 ፔንግዊን የተባለው የጉግል ለውጥ ሲመጣ በዚያ መንገድ የወጡ ብዙ ገጾች ቁልቁል ወረዱ። ስለዚህ ልጁ እየዋሸ አይደለም። የሆነ ቦታ የቆየ ምክር አንብቧል ወይም ካነበበ ሰው ሰምቷል።

ይህ ላንቺ ትልቅ ዕድል ነው። «ተሳስቷል» ከማለት ይልቅ «ልክ ነው፣ ይሄ ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን ተቀይሯል» ማለት ትችያለሽ። ልጁም አያፍር፣ እሱን የሰማው አጎትም ሞኝ አይባል። የሰው ዘመድ ከነካሽ ክርክሩ ስለ ማስታወቂያ መሆኑ ይቀርና ስለ ቤተሰብ ይሆናል። እዚያ ደግሞ መቼም አታሸንፊም።

«ፈልጌ አጣሁት» ለሚለው ክርክር አያስፈልግም። የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ የዕቃውን ስም ይጽፋል። ማስታወቂያው የለም። እንደገና ይጽፋል። አሁንም የለም። ስክሪንሾት አንስቶ ለአጎቱ ይልካል። ማስታወቂያው ግን የቀኑን በጀት ላለመጨረስ ስለሚቆጥብ ለእያንዳንዱ ፍለጋ አይወጣም። የመረጥሽው አካባቢና ሰዓትም ይወስነዋል። በዚያ ላይ አንድ ሰው እየደጋገመ ፈልጎ ማስታወቂያውን ሳይነካ ካለፈ፣ ጉግል ይህ ሰው እንደማይፈልገው ቆጥሮ ለእሱ ማሳየቱን ሊያቆም ይችላል። ታይቶ ሳይነካ በቀረ ቁጥር ደግሞ የክሊክ መጠኑ ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ ማስታወቂያውን የሚያረጋግጥ እየመሰለው እየጎዳው ነው።

ለዚሁ ሲባል በጉግል ማስታወቂያ አካውንት ውስጥ የማስታወቂያ ቅድመ ዕይታ መሣሪያ አለ። ልጁን አጠገብሽ አስቀምጪው። ቃሉን ራሱ ይጻፍ፣ ቦታውንና ቋንቋውን ራሱ ይምረጥ። ማስታወቂያው ከወጣ ያየዋል፤ ካልወጣም ምክንያቱን መሣሪያው ይነግረዋል። አንቺ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም።

ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ማታ ማታ እየገባ የሚነካካው ላይ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ ሲወጣ ሥርዓቱ መጀመሪያ ለማን ቢያሳየው እንደሚሻል እየሞከረ ይማራል። የሁለቱም ባለቤት የሆነው ሜታ እንደሚለው የሚረጋጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ 50 ገደማ ውጤት ሲሰበስብ ነው። ውጤቱ ግዢም ይሁን መልእክት፣ እንደመረጥሽው ግብ ነው። ፎቶ መቀየር ወይም የሚያዩትን ሰዎች መቀየር እንደ ትልቅ ለውጥ ስለሚቆጠር ትምህርቱ እንደገና ይጀመራል። ልጁ ሰኞ ማታ ፎቶውን ቀየረ እንበል። ረቡዕ የተመልካቾቹን ዕድሜ ነካ። ዓርብ «ለሁሉም ይታይ» አለ። የሳምንቱ ገንዘብ አልቋል፣ ሥርዓቱ ግን ገና ሀ ሁ ላይ ነው።

ይህን ለሰውየው በቃል አታስረጂው። የማስታወቂያ አካውንቱ ውስጥ የለውጥ ታሪክ አለ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ተመዝግቦ ይገኛል። እሱን ክፈቺለት። በየቀኑ የወጣውን ገንዘብና የመጣውን ውጤት ከጎኑ አስቀምጪለት። ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ገለጻ የለም። ከዚያ የልጁን ፈቃድ ውጤት ወደ ማየት ብቻ እንዲወርድ ሐሳብ አቅርቢ። ከአካውንቱ አስወጪው አላልኩሽም። ሁሉንም ያያል፤ አይነካም። ይህንንም ሰውየውን አነጋግረሽ እንጂ በጓሮ በር አታድርጊው። ማታ ሲገባ ተዘግቶ ቢያገኘው ለማን እንደሚደውል ታውቂያለሽ።

ተከታይ መግዛትና የኢሜይል ዝርዝሩ ግን ሌላ ነገር ናቸው። እዚህ ላይ ወለም ዘለም የለም። የተገዛ ተከታይ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሶፋ አይገዛም፣ አስተያየት አይጽፍም፣ ፖስቱን ዓይቶ አያውቅም። ሥርዓቱ ደግሞ አንድን ፖስት ለብዙ ሰው ከማሳየቱ በፊት ያዩት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ይለካል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ በእንዲህ ያለ መንገድ የመጡ ላይኮችንና ተከታዮችን እንደሚያስወግድ አስታውቋል። በአሜሪካ ደግሞ የፌደራሉ ንግድ ኮሚሽን በኦገስት 2024 ባወጣው ደንብ ለንግድ ጥቅም ሲባል የሐሰት ተከታይ መሸጥንም ሆነ እያወቁ መግዛትን ከልክሏል።

የኢሜይል ዝርዝሩ ከዚህም ይብሳል። ሰዎቹ መልእክት እንዲላክላቸው አልጠየቁም። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች «ስፓም ነው» ተብለው የሚከሰሱበት መጠን ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ከ1,000 ሰው 3ቱ ከተቆጡ በቃ። ከዚያ ሰውየው ለእውነተኛ ደንበኛው የሚልከው የዋጋ መግለጫ እንኳ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። እነዚህን ሁለቱን «አልሠራም» በይ። ረጅም ማብራሪያ አትስጪ። «ስምዎን ያበላሻል፣ እኔ በእጄ አላደርገውም» በቂ ነው። እሱ የራሱን ስም ይወዳል።

እስካሁን ላንቺ ስፈርድ ቆይቻለሁ። አሁን ትንሽ ልቆንጥጥሽ።

«ለሁሉም ይታይ» የሚለው የልጁ ሐሳብ አንቺ እንዳልሽው ከንቱ ነው ወይ? እርግጠኛ አትሁኚ። አፕል በኤፕሪል 2021 የአይፎን ተጠቃሚዎች በመተግበሪያዎች እንዳይከታተሉ የመከልከል ምርጫ ከሰጣቸው በኋላ፣ በጠባቡ መርጦ ማሳየት ድሮ የነበረው ጉልበት ቀንሷል። ሜታም ከዚያ ወዲህ ሰፋ አድርጎ መልቀቅን እየመከረ ነው። ዛሬ ሰፊ አድርገው የሚለቁ ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። ልጁ ምክንያቱን ሳያውቀው ትክክለኛ ነገር ተናግሮ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያም ይሳሳታል፤ ያውም ብዙ ጊዜ። በማይክሮሶፍት ሙከራ የሚመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንደጻፉት፣ በደንብ ከታሰበባቸውና ከተሞከሩት ሐሳቦች የታለመላቸውን ውጤት በእርግጥ ያሻሻሉት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። የኦባማ የ2008 የምርጫ ዘመቻ ቡድን ደግሞ የድረ ገጹን መግቢያ በ24 ዓይነት ቅንብር ሞከረው። የቡድኑ ሰዎች ቪዲዮው ያሸንፋል ብለው ነበር። ቪዲዮዎቹ ሁሉ በፎቶ ተበለጡ። በአሸናፊው ገጽ ከጎብኚዎቹ 11.6 በመቶው ሲመዘገቡ፣ በመጀመሪያው ግን 8.26 በመቶው ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን የማያውቁ አልነበሩም። ቢሆንም በግምታቸው ቢሄዱ ኖሮ የተሸነፈውን ይለቁት ነበር።

ስለዚህ ጉንጭ አልፋ ክርክሩን ተዪውና የልጁን ሐሳብ ሞክሪው። ከልብሽ ግን ሞክሪው፤ ወድቆ እንዲታይልሽ ብለሽ መጥፎ ፎቶ አትስጪው። ሜታ ሁለት ማስታወቂያዎችን የሚያወዳድርበት የራሱ መሣሪያ አለው፤ አንዱን ያየ ሰው ሌላውን እንዳያይ ተመልካቹን ለሁለት ይከፍላል። ዋናው ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር መስማማታችሁ ነው፦ ምን እንደምትቆጥሩ፣ እስከ መቼ እንደምትቆዩ፣ በመሐል ማንም እንደማይነካው። ይህን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ልጁ ላይኩን ይቆጥራል፣ አንቺ ክሊኩን፣ ሰውየው ደግሞ ካዝናውን። ሁለታችሁም አሸንፋችሁ እሱ ብቻ ይከስራል።

እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

«የእህትዎ ልጅ ያቀረበውን ሐሳብ እንሞክረው። ለ14 ቀን የእሱንና የእኔን በእኩል በጀት ጎን ለጎን እናወጣለን። እስከዚያ ሁለታችንም ምንም አንነካም። የምንቆጥረው ላይክ ሳይሆን ዕቃ ለመግዛት የደወለና የጻፈ ሰው ነው። ብዙ ያመጣው ይቀጥላል። ከተስማሙ ‹እሺ› ብለው ይመልሱልኝ።»

ይህች «እሺ» የምታስፈልግሽ ለክስ አይደለም። ከሳምንት በኋላ ሐሳቡን ሊቀይር ሲል የራሱን ቃል እንድታስታውሺው ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በ14 ቀን የመጣው ሰው በጣም ጥቂት ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንዱ 4 በሌላው 6፣ ማንም አላሸነፈም። አንቺ ስድስቱን ያመጣሽው ብትሆኚም እንዲያ በይ። በተለይ ያኔ።

ልጁ ቢያሸንፍስ? ያሸንፍ። «ያንተ በልጧል» በይው በአጎቱ ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ያንቺ ሰው ነው። እንዲያውም አሁኑኑ ሥራ ስጪው። ቲክቶክ ላይ ሰው የሚያየው ነገር ሠርቷልና ካሜራ ይዞ ገብቶ ዕቃው ሲገጣጠም፣ ሲጫን፣ ገዢ ሲጠይቅ ይቅረጽ። ከሰው ስቱዲዮ የተገዛ ፎቶ ከምትለጥፊ ይሻላል። ከስብሰባው ውጭ ሆኖ ከሚመክር፣ ስብሰባው ውስጥ ገብቶ ሐሳቡን ያቅርብ። ማታ የሚባለው ነገር ቀን ይባል።

የሪፖርትሽን ነገር አልረሳሁትም። 14 ገጹ ውስጥ ኢምፕሬሽን፣ ሲቲአር፣ ሲፒኤም እየተባለ እንደተጻፈ ሳላየው አውቃለሁ። ያ ላንቺ ይሁን። ለእሱ በየሳምንቱ በስልኩ ሦስት መስመር ላኪለት፦ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ሰው ጠየቀ፣ ይህን ያህል ሰው ገዛ። ሦስተኛውን ቁጥር የሚሰጥሽ እሱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ እንድትጠይቂው ትገደጃለሽ፣ እሱም እንዲቆጥር ይገደዳል። አራተኛ መስመር ከጨመርሽ «በሚቀጥለው ሳምንት ይህን አደርጋለሁ» ይሁን። የድምፅ መልእክት የሚወድ ከሆነ በድምፅ ላኪው። ማታ ለልጁ የሚደውለው እኮ ምን እየሆነ እንዳለ ስላልገባው ነው።

ትቼው ልሂድ ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ገና አልሄድም። በሰዓቱ የሚከፍል፣ በጨዋነት የሚያናግር ደንበኛ በቀላሉ አይገኝም። መጀመሪያ ሙከራውንና አጭሩን ሪፖርት እዪው። ቀጣዩን ውል ስትጽፉ ደግሞ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አንድ ሰው ማን እንደሆነ በስም ይግባ፤ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ለውጥም እንደ አዲስ ሥራ ይታሰብ። ነገር ግን የተገዛውን ተከታይ ወይም ያንን የኢሜይል ዝርዝር «ግድ አድርጊ» ካለሽ፣ ወይም በማስረጃ አሳይተሽው እንኳ ልጁ ባበላሸው አንቺን መውቀሱን ከቀጠለ፣ በሰላም ተሰናበቺ።

ስትሰናበቺ በንዴት የይለፍ ቃል ይዘሽ እንዳትቀሪ። ከአሁኑ የማስታወቂያ አካውንቱ፣ የፌስቡክ ገጹና የድረ ገጹ አድራሻ በማን ስም እንደተመዘገቡ አጣሪ። ባንቺ የግል አካውንት ሥር የተከፈተ ካለ በሰላሙ ጊዜ አዛውሪው። የሚከፈለው ባንቺ የባንክ ካርድ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የእሱ ይግባና ያንቺ ይውጣ፤ ከሄድሽ በኋላ ልጁ ማታ ገብቶ በጀት ቢጨምር ሒሳቡ ላንቺ ነው የሚመጣው። የአስተዳዳሪነቱን ፈቃድ የምታስረክቢው ለባለቤቱ ነው። ለልጁ መስጠት ከፈለገ ራሱ ይስጠው።